ግልባጭ፦ ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት

ስጦታው ከቢቸና የሞጣውን አውቶቡስ የተሳፈረው ይቅርታ ሊለምን ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ሰው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ባይሄደው ይመረጣል። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሻይ ጠጣ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ቀረ። የሚለውን ያጠናል፣ ያጠናውን ይረሳል።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ታሪኩን ለማውራትም ይቀል ነበር። የአንድ ወረዳ ምክር ቤት የሥነ ምግባር መከታተያ ኃላፊ ነው፤ የወረዳውን ስም ብንተወው ይሻላል። የሠራተኛ አቤቱታ ይቀበላል፣ ያጣራል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለዞን ይልካል። በሃያ ሁለት ዓመት የቢሮ ኑሮው አንድ ደብዳቤ አላጠፋም፤ አንድም ደብዳቤ ያለ ግልባጭ ወጪ አላደረገም። ግርጌው ላይ ለእነማን ቅጂ እንደሚደርስ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ለሱ ቀበቶ የሌለው ሱሪ ነው።

ባንቺዓለም እዚያው የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበረች፤ የሞጣ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመቷ፣ የኮንትራት ሠራተኛ። መጋቢት ላይ አንድ ማክሰኞ ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋችው። መልሳ ከፈተችው። እንደገና ዘጋችው።

«ጋሼ፣ የተዘጋ በር እየፈራሁ ነው» አለችው።

አፈ ጉባኤው አቶ ባንተአምላክ ስብሰባ በተነሣ ቁጥር «ቃለ ጉባኤው ይታረም» እያለ ያስቀራታል። በሩን ይቆልፋል፤ እጁን አይሰበስብም። እምቢ ስትለው «ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ አትርሺ» ብሏታል።

«ከዞን አጣሪ እስኪመጣ ድረስ ብቻ እሱ አይስማ። ከሰማ አለቀልኝ።»

«ልጄ፣ ከኔ አይወጣም» አላት ስጦታው። የራሱ ልጅ ሳባ ደጀን ላይ ቢሮ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነበርና ከልቡ ነው ያላት።

ለዞን የሚላከውን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያየው ራሷ ባንቺዓለም ጻፈችው። ግልባጭ አላደረገችበትም፤ አስባበት ነው። ስጦታው ፈረመ፣ ማኅተም መታበት፣ አየው። የሆነ ነገር የጎደለው መሰለው። እጁ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን በእስክሪብቶ ጨመረ፦ «ግልባጭ፦ ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት።» ለመዝገብ ቤት ሰጠና ምሳ ሄደ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የሱ ልማድ ግን የሰው ልጅ አስበላ።

ከምሳ ሲመለስ ቅጂው አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አቶ ባንተአምላክ አልጮኸም፤ እሱ የሚጮህ ሰው አይደለም። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ አንድ ቄስ ሞጣ፣ እናቷ ደጅ ተላኩ። «የመሥሪያ ቤት ግጭት ነው፤ ልጅ ናት፣ ተቆጥታ ስም አጠፋች፤ እናስታርቃቸው» አሉ። እናቷ እትዬ አስናቀች ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ሸጠው ልጅ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ መስቀል ፊት እምቢ ማለት አያውቁም። ልጅቱ ተጠርታ መጣች፣ «ይቅር ብያለሁ» ብላ ፈረመች፣ ወደ ሥራዋም አልተመለሰችም።

አጣሪው ግን ሐሙስ ይመጣል። ባንቺዓለም ቀርባ ቃሏን ከሰጠች የሽማግሌዎቹ ወረቀት አያግድም። ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል፤ አፈ ጉባኤውም ከነወንበሩ፣ ከነቁልፉ ይቀጥላል። በሷ ቦታ አዲስ ጸሐፊ ተቀጥራለች፤ ገና ሃያ ዓመቷ ነው።

ሞጣ ሲደርስ እትዬ አስናቀች ስሙን ሲነግራቸው በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት።

«እርስዎ ነዎት አቶ ስጦታው! ባንቺ በስልክ ነግራኛለች። ‹ምስጢሬን የሚጠብቅልኝ አንድ ሰው አለ› ስትለኝ ነው ያን ሰሞን እንቅልፍ የወሰደኝ። ይቀመጡ፣ ከሱቅ ለስላሳ ላምጣ።»

ሲወጡ ሁለቱ ቀሩ። ባንቺዓለም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሐሙስ…» ብሎ ጀመረ።

«ሐሙስ አልመጣም።»

«አልሸጥኩሽም፣ ባንቺ። እግዜር ምስክሬ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም። እጄ ለምዶ ጻፈው። በዚያች ሰዓት… አላሰብኩሽም።»

ያጠናው ይህን አልነበረም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«እኔኮ ‹አስፈራርቷቸው ነው፤ ልጅ አላቸው፣ ጡረታቸው ደርሷል፣ ምን ያድርጉ› እያልኩ ሳዝንልዎት ነው የከረምኩት። ቢሸጡኝ ይሻለኝ ነበር ጋሼ። የሸጠ ሰው ቢያንስ ምን ይዞ እንደነበረ ያውቃል። ያን ሁሉ ነግሬዎት ከልብዎ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየሁም።»

ስጦታው ልቡ ተሰበረ፤ ግን የተሰበረ ልቡ ለሷ ምን ይሠራላታል?

እትዬ አስናቀች ሁለት ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። እሱ ግን ለመሄድ ተነሥቶ ነበር።

«ሳይቀምሱ? እንዲያው ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት ልጅ። ደጀን ቢሮ ትሠራለች።»

እናትየዋ ጠርሙሶቹን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እንግዲያው ልጄን እንደያዙልኝ፣ ለልጅዎም ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይዘዝላት!»

ስጦታው ወደ ባንቺዓለም ዞረ፤ እውነቱን ትነግራቸዋለች ብሎ ጠበቀ፣ እንድትነግርለትም ተመኘ። እሷ አልነገረችም።

«አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። «እናቴ ቆማ እየጠበቀች ነው።»

ስጦታው ሳባን አሰበ፤ ቢሮዋን አሰበ፣ የቢሮዋን በር አሰበ። እትዬ አስናቀች እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው።

«አሜን» አለ።