ለድምፅ ሰባት የቀረበ ተቃውሞ

እትዬ ፖስታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ደብዳቤ ማለት ለሳቸው አንድ ላኪና አንድ ተቀባይ ነው። ታዲያ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ አንድ ሰው የጻፈው አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ቤት የሚገባ ደብዳቤ ሲገጥማቸው ግራ ቢጋቡ ማን ይፈርድባቸዋል?

ነገሩን ያመጣው ወንድማቸው ነው። ታናሽ ወንድማቸው የሂሳብ መምህር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ያዘው። አእምሮውን ግን ምንም አላለውም፤ እንዲያውም ነገረኛነቱ ባሰበት። በግራ እጁ አንድ ጣት ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ አንድ ፕሮግራም የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ነው። የሚሠሩት በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ኮዱም ማየትና ማሻሻል ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ውስጡ አሥራ ሁለት ድምፆች አሉ። መምህሩ ሁሉንም ሞክሮ ሰባተኛውን መረጠ፤ ጎርነን ያለ፣ ትንሽ የሚቸኩል፣ ክፍልፋይ ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚደነቃቀፍ የወንድ ድምፅ። ሦስት ዓመት ቤቱ በዚያ ድምፅ ተጨቃጭቋል፣ ስቋልም። ጠዋት ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ እንኳ ድምፅ ሰባት ከውስጥ «የትናንቱ ደርቆ ነበር» ሲለው፣ ከበር ላይ ሆኖ «ይቅርታ መምህር፣ አይለመደኝም» ይላል።

አንድ ሰኞ ማስታወቂያ መጣ። በሚቀጥለው እትም ድምፅ ሰባት ከፕሮግራሙ ሊወጣ ታስቧል፤ ኮዱ አርጅቷል፣ የሚንከባከበው ሰው የለም፣ የሚጠቀምበትም የሚታወቅ የለም። የሚቃወም ካለ እስከ ሌላው ሳምንት ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ምክንያቱን ያቅርብ። ምክንያቱ በቂ ከሆነ አንድ ተቃውሞም ሐሳቡን ያስቆመዋል። እትዬ ፖስታ ይህን ያነበቡት ብቻቸውን ነው። የወንድማቸው አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬ ነገ ሊበላሽ ነው፤ የጥገና ባለሙያው ደግሞ አዲስ ሲገዙ የሚሠራላቸው አዲሱ እትም ብቻ እንደሆነ ነግሯቸዋል። ለወንድማቸው ምንም አልነገሩትም። እኔው ጨርሼው እገላገላለሁ ብለው ነው።

የፕሮግራሙ ሰዎች ቢሮ የላቸውም። የሚነጋገሩት በኢሜይል ሲሆን፣ ለዚህ አራት የጋራ አድራሻዎች አሏቸው፤ እያንዳንዱን «ዝርዝር» ይሉታል። ወደ ዝርዝሩ የተላከ ሁሉ ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል። እትዬ ፖስታ መጀመሪያ ማስታወቂያው ወደመጣበት ዝርዝር ጻፉ፤ «ይህ ዝርዝር ለማስታወቂያ ብቻ ነው» የሚል መልስ መጣ። ወደ ሠሪዎቹ ዝርዝር ጻፉ፤ «የተጠቃሚ ጉዳይ ወደ ተጠቃሚዎች ዝርዝር» ተባሉ። ወደ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ጻፉ፤ አንዱ በትሕትና «ውሳኔን የሚመለከት ነገር ወደ ውይይት ዝርዝር ነው» አላቸው። ሦስቱም ደብዳቤዎች ለማንም ሳይሰራጩ ተመለሱላቸው። እሳቸው ራሳቸው በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት እንዳመላለሱ ትዝ አላቸውና ትንሽ አፈሩ።

አራተኛው ላይ ብልሃት ያሉትን ዘየዱ። ጉዳያቸውን ከመጻፋቸው በፊት መስኮቱን ማረጋገጥ አለባቸው። ስለዚህ ወደ ውይይት ዝርዝሩ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «አንድ ጉዳይ አለኝ። የምታስተናግዱኝ እናንተ ናችሁ ወይስ እንደገና ልሂድ?» ደብዳቤውን መጀመሪያ የዝርዝሩ በረኛ ያዘው። በረኛ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ አዲስ ሰው የጻፈውን እያየ የሚያሳልፍ ሰው ነው። በማግሥቱ አለፈላቸው። ወዲያው ድምፅ ሰባት ይውጣ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ፕሮግራመር ራሱ መለሰላቸው። እትዬ ፖስታ ይህን ሰው በልባቸው «ቆራጩ» ብለውታል። «ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። ምን እንደቸገረዎት ይንገሩን» አላቸው።

እትዬ ፖስታ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ጻፉ። ወንድማቸው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ድምፅ ሰባትን እንዴት እንደመረጠ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ቆራጩ በማግሥቱ መለሰ። «አዝናለሁ» አለ። «ግን ስምንተኛው ድምፅ ከሱ የጠራ ነው። እሱን ቢለምድስ?» እትዬ ፖስታ ደማቸው ፈላ። ሁለተኛ ጻፉ። ሦስተኛ ጻፉ። ቆራጩ እያንዳንዱን ያነባል፣ ይጠይቃል፣ እሳቸውም እያንዳንዱን ይመልሳሉ።

ያልገባቸው የሌሎቹ ነገር ነው። በየቀኑ ከዝርዝሩ ሠላሳ አርባ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። አንዱ «ድምፅ ሰባትን የሚጠቀም ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «እኔ የማውቀው የለም» ይላል። ሦስተኛው ይስማማል። ትናንት ሁለት ገጽ የጻፉትን ሴትዮ የሚያነሳ አንድ ሰው የለም። እትዬ ፖስታ መነጽራቸውን እየወለወሉ ደጋግመው አነበቡ። እንዴት ነው ነገሩ? ሰው እፊታቸው ቆሞ እየጮኸ «ሰው የለም እንዴ?» ይባባላሉ? ከዚያ ደግሞ ምናልባት ሥርዓታቸው ይሆናል አሉ። ምናልባት አዲስ ሰው ሲናገር ሽማግሌዎቹ እስኪፈቅዱ ዝም ይባል ይሆናል።

ቆራጩ ከአራተኛው ደብዳቤ በኋላ አንድ እንግዳ ጥያቄ አመጣ። «የጻፉልኝን ለሌሎች ማሳየት እፈልጋለሁ። ይፈቅዱልኛል?» እትዬ ፖስታ ደነገጡ። ሌሎች ማን ናቸው ደግሞ? አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ያነበበው አንሶ ጋዜጣ ላይ ሊያወጣው ነው? በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ወንድማቸው በሕመሙ ሰሞን በምልክት ውሃ ሲጠይቅ ሽንት ቤት ወስደውት፣ እንደ ሕፃን ማልቀሱን ጽፈዋል። «አይሆንም» ብለው መለሱ። «ከዚህ በላይ ሰው እንዲያየው አልፈልግም።»

ስድስተኛውን የጻፉት ረቡዕ ነው። የመጨረሻ ጥይታቸው ነበር። ቆራጩ ሐሙስ ጠዋት እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «አነበብኩት። ሥራ መሥራት አቅቶኝ ቀረሁ። እባክዎ፣ አሁንም እጠይቃለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?» እትዬ ፖስታ አልመለሱለትም። አንጀቱን በልቼው ሳለ ቁምነገሩን ትቶ ፈቃድ ፈቃድ የሚለው ምን ነክቶት ነው ብለው ተቀየሙት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቆራጩ አንድ ደብዳቤ ለዝርዝሩ መጣ። አጭር ነው። «ራሴ ያቀረብኩትን ሐሳብ እቃወማለሁ። በቂ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱ ግን የኔ ስላልሆነ ላሳያችሁ አልችልም።» ከዚያ የጥያቄ ናዳ ወረደ። ምን ሆነሃል? ሐሳቡ ያንተው አይደለም እንዴ? በመጨረሻ በረኛው ጻፈ፦ «ምክንያቱ ያልቀረበ ተቃውሞ አይቆጠርም። እስካሁን ድምፅ ሰባትን እጠቀማለሁ ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

እትዬ ፖስታ በንዴት ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። አንድም ሰው የለም? ስድስት ደብዳቤ የጻፈችው ሴት ሰው አይደለችም? የዝርዝሩ ደብዳቤዎች በሙሉ የሚቀመጡበት፣ ማንም ገብቶ የሚያየው መዝገብ እንዳለ ያውቃሉ። ገብተው እነሆ ብለው ሊያሳዩዋቸው ነው። ሰኞን አዩ፣ ማክሰኞን አዩ፣ ቀን በቀን እየወረዱ ፈለጉ። የሳቸው አንድ ብቻ ነው ያለው፤ «ወይስ እንደገና ልሂድ?» የምትለው። ሌሎቹን ማን በላቸው?

ቀዝቀዝ ሲሉ የላኳቸውን ደብዳቤዎች ከፈቱ። የመጀመሪያውን አዩ። ሁለተኛውን አዩ። «ለ» ከሚለው ቃል ጎን የተቀመጠው የዝርዝሩ አድራሻ አልነበረም፤ የቆራጩ የራሱ አድራሻ ነው። ስድስቱም ላይ እንዲሁ ነው። ያኔ ሲመዘገቡ ተልኮላቸው ተቻኩለው ያለፉትን የዝርዝሩን ደንብ አውጥተው ቃል በቃል አነበቡ። ቁጥር አምስት፦ «መልስ» የሚለው ቁልፍ ለጻፈው ሰው ብቻ ይልካል፤ ለዝርዝሩ ለመመለስ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ይጫኑ። ቁጥር ዘጠኝ፦ በግል የተጻፈልዎትን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ወደ ዝርዝሩ አያምጡ። በሥራ ዘመናቸው አንድ ቁጥር የተሳሳተበትን ፖስታ ከሺህ መካከል መዝዘው ያወጡ የነበሩት እትዬ ፖስታ፣ በገዛ እጃቸው የላኩበትን አድራሻ ስድስት ጊዜ ሳያዩ አለፉ። እፍረቱ ፊታቸውን አጋለው። ያንን ሰውዬ ስንት ጊዜ በልባቸው ረግመውታል።

ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል። «ወንድሜ ድምፅ ሰባትን ይጠቀማል» ብለው አዲስ ደብዳቤ ጀመሩና እጃቸው ቆመ። ይህን ብቻ ብጽፍ ስምንተኛውን ቢለምድስ ይሉኛል ብለው አሰቡ። ቆራጩም ያለው ይህንኑ ነው፤ ልቡ የተመለሰውም በስድስት ደብዳቤ ነው። ስድስቱ ደብዳቤ ከወጣ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ለዘላለም ይቀመጣል። ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ መምህራቸው ሽንት ቤት ደጃፍ እንዴት እንዳለቀሰ ያነባሉ። ይህን ለመፍቀድ እሳቸው ማን ናቸው?

ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ወደ ወንድማቸው ክፍል ገቡ። መምህሩ መስኮቱ ስር፣ ወንበሩ ላይ ነው።

«አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አሉት። ከሀ እስከ ፐ ነገሩት።

መምህሩ በጣቱ ጻፈ። ድምፅ ሰባት፣ «ፖስተኛዋ አድራሻ ተሳሳተች?» አለ።

«አዎ፣ ሳቅ በል። ሰዓት የለንም።»

«አንብቢልኝ። አንድም ቃል እንዳትዘዪ።»

አነበቡለት። አንደኛው ላይ ፈገግ አለ። ሦስተኛው ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እትዬ ፖስታ ሊያቆሙ ሲሉ በእጁ ቀጥይ አላቸው። ስድስተኛው ላይ ደረሱ። እንዲህ ይላል፦ «ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት ስንሄድ እጄን ይዞ መንገዱን ሙሉ ያወራልኝ ነበር። አሁን ያንን ሳስታውስ ያ ትንሽ ልጅ የሚያወራኝ በድምፅ ሰባት ነው። የድሮ ድምፁ ጠፍቶኛል። ቀድተን ያስቀመጥነው የለም። ለሱ ነግሬው አላውቅም፤ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ስምንተኛው ድምፅ ቆንጆ ይሆናል፤ ለኔ ግን እንግዳ ሰው ነው። ወንድሜን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አታስቀብሩኝ።»

አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም። ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ሰሙ።

«ላኪው» አለ ድምፅ ሰባት። «ሁሉንም።»

«ሦስተኛውንስ?»

«ውሃ ጠምቶኝ ነበር። ምን ነውር አለው?»

ስድስቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አደረጉ። አድራሻውን ጮክ ብለው ፊደል በፊደል አነበቡ፤ መምህሩም ራሱን በመነቅነቅ ልክ ነው እያለ ተከተላቸው። ላኩት። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር።  እንደገና የት ጣልኩት ብለው እትዬ ፖስታ አድራሻውን መልሰው አዩ። ከዚያ በረኛው ጻፈ፦ «ምክንያቱ ቀርቧል። ሐሳቡ ቆሟል።» ቆራጩም ተከትሎ ድምፅ ሰባትን ከዛሬ ጀምሮ የምንከባከበው እኔ ነኝ አለ።

እትዬ ፖስታ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። መምህሩ ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ጣቱ ሲጽፍ ነበር፤ አሁን ጨረሰና እንዲነበብ ተጫነው።

«የድሮውን እኔም አላስታውሰውም፣ እትዬ» አለ ድምፅ ሰባት። «አንቺ ጋ አለ ብዬ ነበር የምጽናናው።»