ፌብሩዋሪ ላይ የተጻፈችው ሕፃን

መንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሲያቋቁም ለከተማችን ለዊንስሆተን የደረሰን ሦስት ክፍል ነው፤ ከቀድሞው የእህል ነጋዴዎች ጽሕፈት ቤት በላይ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ። በመንግሥቱ መቀመጫ በሄግ የወጣው ሕግ «የአይሁዶችን እልቂት ለማስተማርና ለማስታወስ» ይላል። ወደኛ ሲደርስ ሥራው ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያም የከበደ ሆነ፦ ከከተማችን ተወስደው ያልተመለሱትን አንድ በአንድ በስማቸው መመዝገብ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፖስታ ያደልኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ የለኝም፤ ያነበብኩትን ያነበብኩት በራሴ ነው። የቀጠሩኝ በሮቹን ሁሉ ስለማውቅና ሰው ሲናገር ስለማላቋርጥ ይመስለኛል። አለቃችን ዶክተር ማርሌይን ቴርሆርስት ገና አርባ ያልሞላት ሴት ናት፤ ጥብቅ፣ ግን ቅን። ደንቧ አንድ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ማስረጃ።

«አንድ የተሳሳተ ስም ከጻፍን፣» ትላለች፣ «ያ ሁሉ አልሆነም የሚሉት ሰዎች መዝገቡን በሙሉ ውሸት ይሉታል።»

እውነቷን ነው። ሁለት ምስክር መጠየቅም ከእኛ አልተጀመረም፤ ሙሴም ያዘዘው ይህንኑ ነው።

ሳሎ ሳንደርስ መጀመሪያ የመጣ ቀን የማርሌይን ወንድም ልደት ነበር። ወንድሟ ያለው ካናዳ ነው፤ ቢሆንም በኛ አገር ልደት የባለልደቱ ብቻ አይደለምና ሁላችንም «እንኳን ለወንድምሽ ልደት አደረሰሽ» እያልን እጇን ጨብጠን ኬክ እየበላን ነበር። ሳሎ እያለከለከ በሩ ላይ ቆመ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥጋ ሻጭ ነበር፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የለውም። በከተማችን የቀረው አይሁዳዊ እሱ ብቻ ነው።

«ሊፍት የሌለው መሥሪያ ቤት ለሽማግሌ ከፈታችሁ፣» አለኝ። «መንግሥት ምስክሮቹን ደረጃ ላይ ሊጨርስ ነው እንዴ?»

«አረፍ ይበሉ፣ አቶ ሳንደርስ። ኬክ አለ።»

«የማን ልደት ነው?»

«የወንድሟ።»

ማርሌይንን ረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከዚያ ኬኩን ሳይነካ፣ «እኔም እህት ነበረችኝ፣» አለ።

የወላጆቹን ስም፣ የተያዙት አይሁዶች ወደ ሞት ካምፕ ከመጫናቸው በፊት ከቆዩበት ከመሸጋገሪያው ሰፈር ዝርዝር ላይ አስቀድመን አግኝተን ነበር። ከስማቸው ሥር «አንድ ሕፃን» ይላል። ስም የለውም። ሳሎ ስሟ ሮሲና መሆኑን፣ ቤተሰቡ ተደብቆ በነበረበት ሰገነት ላይ በጦርነቱ በሦስተኛው ክረምት መወለዷን ነገረኝ። ልደቷ በማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም፤ የተደበቀ ሰው ልጁን አያስመዘግብም። «በእጄ አቅፌያታለሁ፣» አለ፤ ቃሉን ጻፍኩ፣ ፈረመ።

አንድ ማስረጃ። መዝገቡ የሚዘጋው በኖቬምበር መጨረሻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ደረጃውን ይወጣል። «ገባች?» ይለኛል። «ገና ነው፣» እለዋለሁ። ባርኔጣውን ያደርግና ይወርዳል። አንዳንዴ ቤቱ ድረስ እሸኘዋለሁ። በሁሉም ቤት በሽንት ቤቱ በር ጀርባ የሚሰቀለው፣ የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጻፍበት የልደት ቀን መቁጠሪያ በእሱ ቤት የለም። አንድ ቀን ለምን እንደሌለ ጠየቅሁት።

«ማንን ልጽፍበት?» አለኝ።

ኦክቶበር ሲያልቅ፣ «ሌላ የሚያውቃት ሰው የለም?» ብዬ አጥብቄ ያዝኩት።

ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም። «ግሪቼ ቡርማ፣» አለ በመጨረሻ። «ሰገነቱ የነሱ ነው። ግን እኔ እዚያ ቤት አልገባም።»

ከቤቷ እስከ ቤቱ ሁለት መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው። በቅዳሜ ገበያ ፊት ለፊት ሲገናኙ አይቻለሁ፤ የሚተላለፉት እንደ ሁለት ብስክሌት ነው።

«ሰላምም አትባባሉም?»

«ውሻዋ ይለኛል።»

የቀረው ታሪክ ቀስ በቀስ ወጣ። ሕፃኗ ታለቅስ ነበር፤ የጎረቤት ሰው ጠየቀ፤ የግሪቼ አባት ፈራና ሌላ መደበቂያ ፈልጉ አላቸው። በሚሄዱበት መንገድ ላይ ተያዙ። ከጦርነቱ በኋላ ሳሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ የእናቱን ዕቃ ሊጠይቅ ሄደ። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ «የናንተ የሆነ ነገር እዚህ የለም» አለው። ከአባትየው ትከሻ በላይ የእናቱ የሳህን ቁም ሳጥን ይታየው ነበር።

በማግስቱ ወደ ግሪቼ ሄድኩ። ከማንኳኳቴ በፊት የምለው አጭር ጸሎት አለኝ፤ ፖስታ ሳድልም እለው ነበር፤ አልኩ። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ያላገባች፣ ቀጥ ያለች። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ከቆርቆሮው አንድ ብስኩት ሰጠችኝና ክዳኑን ገጠመች።

«የመጣህበትን አውቀዋለሁ፣» አለች። «ከተማው ትንሽ ነው።»

«ስሟን ብቻ ይመስክሩልኝ፣ ወይዘሪት ቡርማ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ስሟን ብቻ የሚባል ነገር አለ? የት ተወለደች ትላለህ፤ ሰገነታችን ላይ። ታዲያ ለምን ወጡ ትላለህ። ያን ጊዜ አባቴን ትጽፈዋለህ። አባቴ ስድስት ወር ሙሉ የራሱን እራት አካፍሏቸዋል፣ ይህንንስ ማን ይጽፍልኛል?»

«እኔ እጽፋለሁ።»

«አንተ ፖስተኛ ነህ።» ውሻውን ገፋ አደረገችው። «ለመሆኑ ሳሎ ምን አለህ?»

«እንዳቀፋት።»

ፈገግታ አይሉት ኀዘን፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «ሳሎ እንኳን ሊያቅፋት አላያትም። ከመወለዷ በፊት ለብቻው ሊደበቅ ገበሬ ቤት ተልኮ ነበር፤ የተረፈውም በዚያ ነው። እህት ተወለደችልህ ብሎ በብስክሌት ሄዶ የነገረው አባቴ ነው። ያቀፍኳት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

የያዝኩት አንድ ማስረጃም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እንደ ደንቡ ወደ ማርሌይን ወስጄ መሰረዝ አለብኝ። ሽንት ቤት ልጠቀም ብዬ ተነሣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ለብቻዬ መቆም ፈልጌ ነው።

መቁጠሪያው በሩ ጀርባ ላይ ነበር፤ ያረጀ፣ ጠርዙ በክር የተሰፋ። የቀን እንጂ የዓመት ቁጥር ስለሌለው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስሞቹ በአንድ ሰው የቆየ፣ የተጋደመ የእጅ ጽሑፍ በቀለም ተጽፈዋል፤ ከሞቱት አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ። ገጹን ሁሉ መስቀል ሞልቶታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፌብሩዋሪን ገለጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ፦ ሮሲና። አጠገቧ ምልክት የለም።

ስወጣ ግሪቼ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የእናቴ ጽሑፍ ነው፣» አለች። «የጻፈችው በተወለደችበት ዕለት ነው። አባቴ ሲያገኘው 'ልታስፈጂን ነው?' ብሎ ጮኸ። እሷ ግን አላጠፋችውም።»

«መስቀል አላደረጉባትም።»

«ማን ሞተች ብሎ ነገረን?» አለች። ቆይታም፣ «በኋላ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።»

መቁጠሪያውን እንድታውሰኝ ለመንኩ። ራሷን ነቀነቀች። «ከግድግዳው አይወርድም። ከፈለገ መጥቶ ይየው። እሱ ከመጣ እፈርማለሁ፣ አባቴንም ራሴ እናገራለሁ።»

ለሳሎ የመቁጠሪያውንና የግሪቼን ቃል ነገርኩት። ስለ ማቀፉ ሳነሣ ግን ጆሮው ቀላ።

«ነገረችህ በላ።»

«ነገረችኝ።»

«ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ በልቤ አቅፌያታለሁ። ያ አይቆጠርም?»

«በኛ መሥሪያ ቤት አይቆጠርም፣ አቶ ሳንደርስ።» ይህን ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬም ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማክሰኞ ሳይመጣ ቀረ። የኖቬምበር የመጨረሻ ቀን ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ ግን ቤቱ በር ላይ ካፖርቱን ለብሶ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሁለቱን መንገድ በእግር ሄድን። ግሪቼ በሩን ከፈተች፤ ውሻው መጀመሪያ ሰላም አለው።

«ግባ፣ ሳሎ።»

«ሽንት ቤታችሁ የት ነው?» አላት። በሰባ ሦስት ዓመት ውስጥ ያላት የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነበር።

ገብቶ ዘጋ። እኔና እሷ እንደ ተራ ጠባቂ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። የገጽ መገለጥ ይሰማናል፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ገጽ። ሲወጣ ዓይኑ ደርቆ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ፣» አለ። «ቀኑን አላውቅም ነበር። አባትሽ ቀኑን አልነገረኝም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሴፕቴምበር ላይ እኔም አለሁ።»

«አለህ።»

«በየዓመቱ እያየሽኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እንኳን አደረሰህ አላልሽኝም።»

«አባቴ ያንን ካለህ በኋላ? በምን አፌ?»

«በዚሁ አፍሽ።»

የሳህን ቁም ሳጥኑ ከኋላዋ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ እኔና ግሪቼ አየነው፣ እሱ ግን አላየውም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። በጠረጴዛው ላይ ቃሏን ሰጠች፤ ስለ አባቷም ስለ እራቱም ተናገረች። እንዳልኳት ሁሉንም ጻፍኩ። ሳሎ ደግሞ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ የድሮ ቃሉን ሰረዘና ከሥሩ «አላየኋትም» ብሎ ፈረመ።

«ለባዕድ ሰው ምስክር መሆን እችል ነበር፣» አለኝ መንገድ ላይ። «ለእህቴ አልቻልኩም።»

ማርሌይን መቁጠሪያውን ራሷ ሄዳ ፎቶ አነሣች። ሮሲና ሳንደርስ ገባች። ማስረጃ አንድ፦ ግሪቼ ቡርማ። ማስረጃ ሁለት፦ የግሪቼ እናት የልደት ቀን መቁጠሪያ። የሳሎ ስም በዚያ መስመር ላይ የለም።

ፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የመዝገቡን ገጽ አሳትሜ ወሰድኩለት። ትንሽ ኬክ ገዝቶ ሁለት ሳህን አውጥቷል። እጄን ልታጠብ ስገባ ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ ከሱቅ የተገዛ አዲስ መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አሥራ ሁለቱን ወር ገለጥኩ። አሥራ አንዱ ባዶ ነው። የራሱን ልደት እንኳ አልጻፈም።

በዚያው ስልኩ ሲጮኽ ሰማሁ።

«አቤት፣» ይላል። «አዎ… ሰባ ስድስት ይሆናት ነበር… አመሰግናለሁ። አመሰግናለሁ፣ ግሪቼ።»

ስወጣ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል። «እንኳን ለእህትህ ልደት አደረሰህ አለችኝ፣» አለ። «እንዲህ ተብዬ አላውቅም።» ከዚያ ቀና አለና፣ «አንተስ? ፖስተኛ ሆነህ መልካም ወሬ ይዘህ ዝም ትላለህ?»

እጄን ዘረጋሁ። «እንኳን ለእህትዎ ልደት አደረሰዎት፣ አቶ ሳንደርስ።»

እጄን ቶሎ አልለቀቀውም። ኬኩን ቆረሰ፤ መዝገቡን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። እስኪመሽ አብሬው ተቀመጥኩ። ስልኩ ሌላ ጊዜ አልጮኸም።