የእህቴ አሸዋ

እኔ መቼም ትልቁን የዓሣ ገንዳ ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ ሶፋውን ወደ በሩ ገፍቶ፣ ሰው መቀመጫ አጥቶ ለዓሣ አዳራሽ! ግን ምን አፍ አለኝ? ገንዳውን የተመኘችው ታናሽ እህቴ ናት። ከመታመሟ በፊት ቦታውን በሜትር ለክታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምራ ነበር። ካረፈች በኋላ ባሏ ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ እንኳ ያንን መስመር አላስነካም፤ በቅርቡ ደግሞ ገንዳውን ገዝቶ እዚያው አቆመው።

ባሏ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። ገመድ ሳይፈትሽ እግሩን የማያነሳ ጥንቁቅ ሰው፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ራሱን ጥሎ ተቀመጠ። የማመጣለት ምግብ እንዳለ ይመለሳል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብዬ ስቆጣው ሳህኑን ወደ እኔ ይገፋዋል። ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሱት እሷ ያሳደገቻቸው ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ብቻ ነበሩ። ሲርባቸው በአሮጌው ትንሽ ገንዳቸው መስታወት ጋ መጥተው ይጠብቁታል። እነሱን ሊያበላ ይነሳል፤ ከተነሳ ይታጠባል፤ ከታጠበ ሥራ ይሄዳል። እንግዲህ እኔ መጋረጃ ሰፊዋ ለዓሣ ጤና የምጸልይ ሴት ሆኜ አረፍኩት። እነሱ ካለቁ እሱም እንደሚያልቅ ልቤ ያውቀዋል።

እሑድ ጠዋት እንዳግዘው ጠራኝ። አዲሱ ገንዳ የጨው ውሃ ተሞልቶ፣ ማሞቂያውና ሞተሩ እየሠሩ ሰንብቷል። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አቆይተን ድንጋዮቹን፣ ላያቸው ላይ ከሚያድገው ኮራል ከሚሉት የባሕር ፍጥረት ጋር፣ ከአሮጌው ገንዳ አሻገርን። ዓሣዎቹ ክንዶቹ መሃል ገብተው የሚያድሩበትን፣ የባሕር አበባ የሚሉትን ለስላሳ እንስሳም እሱ ራሱ ከነድንጋዩ አቅፎ ወሰደው። ከዚያ የአሮጌው ገንዳ አሸዋ ቀረ። እህቴ ያንን አሸዋ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ፣ በዱቄት ወንፊቷ እየነፋች፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ስታጥበው አይቻለሁ። እሱ በድስት እየዛቀ ይሰጠኛል፣ እኔም ተቀብዬ አዲሱ ገንዳ ውስጥ አወርደዋለሁ። ከሥር ከሥሩ ጥቁር ነገር ሲወጣ የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ የባሕር ነገር እንዲያ ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ዓሣዎቹን ለቀቅናቸው።

ድስቱን አጥቤ ስመለስ ውሃው ደፍርሷል። ትልቋ ዓሣ ላይ ላይ በጎኗ ተንጋዳ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ትንሹ ጥግ ይዞ ተለጥፏል። የባሕር አበባው ክንዶቹን ሰብስቦ ኩምትር ብሏል። የእህቴ ባል መስታወቱ ፊት ቆሞ እጁን አያነሳም፣ ደንዝዟል። ስልኩን ከኪሱ መዝዤ ዓሣዎቹን የሸጠላቸው ሰውዬ ጋ ደወልኩ።

ሰውዬው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጌውን አሸዋ አዛውራችኋል ወይ? አዎ አልኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ከአሸዋው ሥር ለዓመታት የተቀበረ ቆሻሻ አለ፤ ካልነኩት ማንንም አይጎዳም፣ ከቆሰቆሱት ግን መርዝ ነው። ይህንንም ለእህቴ ባል ደጋግሞ ነግሮት፣ አሮጌውን ጥሎ አዲስ እንዲያስገባ መክሮት፣ እሺ ብሎት ነው የሄደው። ደሜ ፈላ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ግን መከራው እሱን ብቻ መክሮ መች ይተዋል?

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እሷ ናት ያጠበችው» አለኝ።

ለመጣላት ጊዜ አልነበረም። ወጥ ቤት አንድ በርሜል ውስጥ ገንዳው ሲሞላ የተረፈ ንጹሕ የጨው ውሃ አለ፤ ቢበዛ አንድ ባልዲ ይሞላል። ቀዝቅዟል። ባልዲውን ሞልቼ ሙቅ ውሃ ያለበት የልብስ ሳፋ ውስጥ አቆምኩና እጄን ነክሬ ሙቀቱን ለካሁ፤ እሱ ደግሞ አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር አምጥቶ ቱቦውን ከተተበት። ከዚያ ዓሣዎቹን በመረብ አውጥቶ ባልዲው ውስጥ ከተታቸው። ቀጥሎ የባሕር አበባውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ዓሣ ሻጩ ግን አስጠንቅቆኝ ነበር፤ የባሕር አበባ ሲሞት የገባበትን ውሃ ይመርዛል። እጁ ላይ ሆኖ እየሟሟ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። እኔው ጨክኜ ከእጁ ፈልቅቄ ወሰድኩበት። ጓሮ አውጥቼ ጣልኩት።

ትልቋ ዓሣ ባልዲው ውስጥም አልቆየችም። የእህቴን ጣት እየነከሰች ታስቃት የነበረችው እሷ ናት።

አሁን አንዱ ብቻ ቀረ። እሱም ቢተርፍ ባልዲ ውስጥ አይኖርም፤ ድንጋዮቹና ኮራሎቹ ሳይሞቱ አሸዋው መውጣት አለበት፣ ያለዚያ መመለሻ ቤት የለውም። ድስቱን አንስቼ ስመጣ የእህቴ ባል ገንዳው ፊት ቆመብኝ። አይሆንም አለ። እንደገና አጥቤ አስገባዋለሁ፣ ዛሬ ማታ አጥበዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ ይለኛል። ምላሴን ነክሼ ነክሼ የቻልኩት ሁሉ ያኔ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «እህቴ እዚህ ውስጥ የለችም። ያለችበትን ሁለታችንም እናውቃለን። አፈሩን አብረን አልብሰናታል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝም ያኔ ግድ አልነበረኝም። ከዚያ ገለል አለልኝ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ እኛ ግን ሳሎኑ ጎርፍ ሆኖ ስናፍስ ዋልን። እሱ ክንዱን እስከ ትከሻው ነክሮ ይዝቃል፣ እኔ እየተቀበልኩ ጓሮ አጥሩ ሥር እደፋለሁ፤ በመሃል እሱ ለገንዳው አዲስ ጨው ይበጠብጣል። ቀሚሴ ረጠበ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ሽታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በልቤ እየተሳደብኩ ነበር የምመላለሰው። እሱን እሰድበዋለሁ፣ ገንዳውን እሰድባለሁ፣ ቀድማኝ የሄደችውንም ሳልሰድባት አልቀረሁም። ታላቅ ሳለሁ እኔን አስቀድማ መቅበር ሲገባት!

የመጨረሻው ድስት ላይ እንጃ ምን ነካኝ። ጠዋት መጀመሪያ ከአሮጌው ገንዳ ላይ የተዛቀ፣ አሁን ከሥር የቀረ ስለነበር ጥቁር የለበትም፣ ነጭ ነው። መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ጉልበቷ ርሶ፣ «እትዬ፣ ነይ እዪው፣ ዱቄት አይመስልም?» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ሥራ አለብኝ ብዬ በቅጡ ሳላየው ነበር የሄድኩት። ቀኑን ሙሉ ጣለው፣ ጣለው ስል የዋልኩት ሴትዮ ድስቱን ደረቴ ላይ አቅፌ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። መድፋት አቃተኝ። እንባዬ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔም አልጠርገው።

ከኋላዬ መጣ።

«አምጪው፣ እትዬ» አለኝ።

ወስዶ ደፋው። የድስቱን ቂጥ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ የተጣበቀውንም አራገፈ። ከዚያ ባዶውን ድስት ይዞ ቀድሞኝ ገባ።

ስገባ ባልዲው አጠገብ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብሏል። ትንሹ ዓሣ ከሥር ሆኖ ይተነፍሳል። ጣቱን ውሃው ውስጥ ሰደደለት፤ አልመጣም። ደግሞ ሞከረ፣ አልመጣም። ዓሣ ሻጩን በስልክ ጠይቄው ነበር፤ እስከ ጠዋት ከቆየ ሊተርፍ ይችላል፣ ላይተርፍም ይችላል ነው ያለኝ። የተባልኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ጠዋት ባልዲው ዝም ካለ ምን እንደሚያስነሳው አላውቅም።

ሰኞ የማስረክበው መጋረጃ ስላለ ቦርሳዬን አነሳሁ። ቀና አላለም። እጁ አሁንም ውሃው ውስጥ ነው።

«ዛሬ አትሂጂ» አለኝ።

እህቴን ከቀበርን ወዲህ ይህ ሰው ማንንም ምንም ለምኖ አያውቅም። ቦርሳዬን መልሼ ሰቀልኩት።

«የት እሄዳለሁ?» አልኩት፣ «ጫማዬን አርሰኸው።»

ከባልዲው ወዲያ ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።