ተደውሎ ተረጋግጧል

ባራሳ አባቱን አገራቸው ቡንጎማ ቀብሮ፣ ራሱን ተላጭቶ ናይሮቢ ሲመለስ የጠበቀው የስንብት ደብዳቤ ነበር። እሱ ለቅሶ ላይ ሳለ በእሱ መግቢያ ስም የገባ ሌባ የሚሠራበትን የአበባ ላኪ ኩባንያ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቆልፎባቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አበባው ኤርፖርት መጋዘን ውስጥ ጠውልጎ ቀረ። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም። ባራሳ አራት ሰዓት ላይ የደኅንነት ኃላፊዋ ቼሮኖ ዘንድ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል።

ሙቲሶ ይህን የሰማው የኮምፒውተር እርዳታ ክፍል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። የይለፍ ቃል የጠፋበት፣ ስልክ የቀየረ ሠራተኛ ሁሉ የሚደውለው ለዚህ ክፍል ነው። የክፍሉ ሰዎች አራት ናቸው፤ አራቱም የሚሠሩት በአንድ የጋራ መግቢያ ስም ስለሆነ የትኛው ምን እንደሠራ አይለይም። በባራሳ ስም ሥር የሚነበበው ይህ ብቻ ነው፦ «አዲስ ስልክ ተመዝግቧል። በነባሩ ቁጥር ለባለቤቱ ተደውሎ ተረጋግጧል።» የመግቢያ ኮድ የሚላከው በተመዘገበው ስልክ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ባራሳ በገዛ እጁ ለሌባው በር ከፈተለት ይላል።

የጻፈው ሙቲሶ ነው። አልደወለም።

ያን ዕለት የደወለው ሰው ድምፁ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር። የድሮው ስልኬ እየሞተብኝ ነው፣ በወንድሜ ስልክ መዝግብልኝ አለ። የአባቱን ስም፣ የቀብሩን ቀን፣ የሠራተኛ ቁጥሩን ሳይቀር ጠራለት። ስሙና ቀኑ የቀብር መዋጮ ማስታወቂያው ላይ ነበሩ፤ ማስታወቂያውም በየዋትስአፑ ሲዞር ሰንብቷል። ደንቡ ስልኩን ዝጋና መዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር መልሰህ ደውል ይላል። ግን አባቱን ገና ያልቀበረ ሰው «እውነት አንተ ነህ?» ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ሙቲሶ አፈረ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ መዘገበለት፤ ጥያቄው ተፈጸመ ተብሎ እንዲዘጋም «ተደውሎ ተረጋግጧል» የምትለውን መስመር ጨመረ።

«ባራሳ ለቀብር ሄዶ ኩባንያውንም ቀብሮት መጣ» አለ አጠገቡ ያለው ንዱታ። ከዚያ ወደ ሙቲሶ ዞረ፤ በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ሁሉም «ምዜ»፣ አባባ፣ ይሉታል። «ምዜ፣ ምነው ዝም አሉ? ጾም ያዙ እንዴ?»

«አልያዝኩም» አለ ሙቲሶ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲጸለይም እንዲሁ አፉ አልከፈት ብሎት ነበር። ተነሥቶ ወደ ቼሮኖ ቢሮ ሄደ።

ቼሮኖ ቀና አለች። ባራሳ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ምዜ ሙቲሶ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ምኑ?»

«ስልኩን የመዘገብኩት። ሳልደውል ደወልኩ ብዬ ጻፍኩ።»

«አራታችሁንም ጠይቄ ነበር። እርስዎንም ጭምር።»

«ዋሸሁሽ።»

ባራሳ ዞር ብሎ አየው። «የደወለልዎ ሰው ድምፅ የኔን ይመስል ነበር?»

«ያለቅስ ነበር።»

«እኔ እስካሁን አላለቀስኩም» አለ ባራሳ ቀስ ብሎ። «ስልኬ ከኪሴ አልወጣም ነበር፣ ምዜ። ቢደውሉ አነሳ ነበር።»

ባራሳ ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ቼሮኖ ያልተፈረመውን የስንብት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከታ ባዶ ወረቀት ገፋችለት። «ከመጀመሪያው ይጻፉ። ደንቡን ለምን እንደዘለሉም ይጻፉ።»

«አፍሬ ነው።»

«እሱንም ይጻፉት» አለችው።