የመሳቢያው ስልክ

«ያ ጓደኛው ግን ደውሎ አላጽናናሽም?» አለ የሰፈሩ የጸጥታ ኃላፊ፣ ክንዱን በሟቹ የስፌት መኪና ላይ አስደግፎ።

«የትኛው?» አለች የሟቹ ሚስት።

«ባሕር ማዶ ያለው። አብሮት ስፌት የተማረው።»

«ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ድምፁንም አልሰማን።» ውሸቷን ነበር። ሻይ የምታድለው የባሏ እህት አንገቷን ደፋች። ሰውየው ለለቅሶ ይምጣ ለስለላ አልታወቀም፤ ሻዩን ግን አያሳልፍም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር። ጓደኛው ለሥራ ተሻግሮ እዚያው ወልዶ ሲቀር፣ እዚህ የተወውን ቤት እያከራየ ኪራዩን የሚልክለት ባሏ ነበር። ሁለቱ አገሮች ጦር ሲማዘዙ፣ በጠላት አገር የሚኖር ሰው ንብረት ለመንግሥት ይሰጥ፣ የደበቀ ይታሰራል ተባለ። ባሏ ግን ቤቱን የገዛ አስመስሎ ወደ ራሱ ስም አዞረው። ኪራዩንም በሌላ አገር ባለ ነጋዴ በኩል መላኩን ቀጠለ።

«ልጆችህን በትነህ እስር ቤት ልትገባ ነው?» ብላው ነበር።

«እና በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ልሁን? ሆዴን ያመኛል» ብሎ ሳቀባት። ያን ቀን ተናዳ እራት አላቀረበችለትም። አሁን ያ ሳቁ አንጀቷን ይበላታል።

«ያ የሚያከራየው ቤት፣» አለ ኃላፊው ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ከማን ነበር የገዛው? ለነገሩ ሐዘኑ በረድ ይበል፤ እንነጋገርበታለን።»

ይኼኔ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ሴትየዋ ክው አለች። ወደዚያ ስልክ የሚደውል ባሕር ማዶ ያለው ጓደኛ ብቻ ነው፤ እሱም ወዳጁ መሞቱን አልሰማም። ልታጠፋው አስባ ነበር፤ የባሏ እጅ የነካው ነገር ሆኖባት አልጨከነችም።

ኃላፊው መሳቢያውን ስቦ ስልኩን አወጣ። «ቁጥር አያሳይም። አንሺው እንጂ፣ አጽናኝ ይሆናል» ብሎ ሰጣት።

ብትዘጋው ኃላፊው ይጠረጥራታል። ብታናግረው፣ ያኛው እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ኪራዩ ይጀምራል። ከፈተችው፤ ያኛው «አሎ» ሳይል ደረቷ ላይ ለጥፋው ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«የልጆቼ አባት፣ እንዲህ ድንገት ጥለኸኝ ትሞታለህ? መርፌህን እንደሰካህ፣ ደህና ሁኚ ሳትለኝ? አደራህ እኔ ጋ ነው፤ አልበላውም፣ አይዞህ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ተከትሏት አለቀሰ። ኃላፊውም ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ከስልኩ የአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ ደረቷ ላይ ተሰማት። እንዳይሰማባት ስልኩን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።