የማያቃጥል ምድጃ

አይ፣ ቀይ አይሆንም፣ የቀዩ ቀለም ቆርቆሮ ይቅር፣ ሱቅ ያየናት የፕላስቲክ መጫወቻ ማዕድ ቤት እኮ ምድጃዋ ቀይ መብራት ነበረው፣ ቁልፉ ሲዞር እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል፣ ሻጩ ደግሞ ልክ እንደ እውነተኛው ነው እያለ ደጋግሞ ያዞረዋል፣ ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጉጣ ስትንቀጠቀጥ እሱ ምን ያውቃል፣ የፈላ ውኃ ክንዷ ላይ ከፈሰሰ ገና መንፈቁ ነው፣ ተወው ወንድሜ ብዬ ወጣን፣ መንገድ ላይ ቀና ብላ እያየችኝ፣ እማ፣ የማያቃጥል ሥሪልኝ።

እሺ አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል።

ይኸው አውራ ጣቴ አብጧል፣ ሚስማሩ ጠሟል፣ ግን አሮጌው ኮሞዲኖ ምድጃ ምድጃ መምሰል ጀምሯል፣ ድስት የሚጣድባቸውን ክቦች ሰማያዊ አድርጊ ብላኛለች፣ ሰማያዊ ይሁን፣ ሐምራዊም ብትል እቀባለሁ፣ ብቻ ትጫወት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማዕድ ቤታችን ደጃፍ ትደርስና ትቆማለች፣ አንድ እግሯን እንኳ አታስገባም።

አማቴም እንደዚያው፣ ቤታችንን ከረገጡ መንፈቅ። ያን ቀን የፈላውን ማንቆርቆሪያ አንስተው ዞር ሲሉ ልጅቷ ሮጣ መጥታ ገጨቻቸው፣ በቃ፣ በእኔም እጅ ሊሆን ይችል ነበር። በየትኛው ዓይኔ ልያት ልጄ ይሉኛል በስልክ። እማማ፣ አልኳቸው ትናንት፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ልንገርዎት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ባይዙላት ኖሮ ክንዷ እንዲህ አይድንም ነበር፣ እርስዎ ነዎት ያተረፏት። ደግሞም መርፌ አልችልም፣ መጥተው የምድጃውን መጋረጃ ይስፉልኝ፣ ሙያ የለሽ ምራት ነው ያገኙት። ትንሽ ሳቁ መሰለኝ።

በሩ ተንኳኳ።

መጡ፣ እውነትም መጡ፣ የጨርቅ ቁራጭ በፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ይግቡ እንጂ፣ አይገቡም፣ ልጄ ግን እኔን አልፋ ሄዳ እጃቸውን ያዘች፣ ጠባሳ ባለው እጇ፣ ጎትታ አመጣቻቸው፣ መዳፋቸውን ሰማያዊው ክብ ላይ ተጫነችው፣ አያቴ ንኪው፣ አያቃጥልም። አማቴ እጃቸውን አላነሱም። እኔ ብሎን ፈልጌ ወለሉን እዳብሳለሁ፣ የምን ብሎን፣ ዓይኔም አያይ።

ማማሰያ የለኝም፣ አለች ድንገት። እና ሄደች። ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ወደ እውነተኛው፣ ደጃፉ ላይ አልቆመችም፣ ገባች። መሳቢያ ሲጎተት ይሰማል። እንከተላት ይላሉ አማቴ በዓይናቸው፣ ይቆዩ እላለሁ በዓይኔ፣ ብቅ አለች፣ ቁመቷን የሚያክል ማማሰያ ተሸክማ፣ ምን ትገተራላችሁ፣ ቁጭ በሉ፣ አሁን ይደርሳል።

እሺ እመቤቴ።

ወለሉ ላይ ቁጭ እንላለን፣ አማቴ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ እያለቀሱ፣ እየሳቁ፣ እኔም ትከሻቸው ላይ ደገፍ፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ ደግሞ እኮ ራበኝ።