የያማሃዋ የፊት ሾክ

«ይች ሞተር ከግቢዬ ትውጣልኝ!» አለች እናቴ።

ወንድሜ ዩሱፍ ቀኝ እግሩ በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሞተሯ አጥሩ ሥር ተጋድማለች። አሮጌ ያማሃ ናት፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ከጃፓን የመጣች፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ መቀመጫዋ ሁለት ጊዜ የተሰፋ። ዩሱፍ ከሐይቅ ዳር መንደራችን ከቁንዝላ ዓሣ እየጫነባት ዱርቤቴ ከተማ ያደርስ ነበር። ቤታችን ከሚበላው ግማሹ የሚመጣው በእሷ ነው።

የወደቀው ከቁንዝላ ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር ቁልቁለት ላይ ነው። ከእሱ በፊት ሞተሯን የያዘው የከብት ሐኪምም እዚያው ቁልቁለት ላይ ወድቆ ትከሻውን ሰብሯል። እሱ የወደቀው በሐምሌ ጭቃ ነበር፤ ይህን ግን ማንም ማስታወስ አልፈለገም። ሰፈሩ «ገፊ ናት» አለ፤ የያዛትን ሰው ሁሉ ክፉ የምታመጣበት።

አባቴ ሙሐዲን ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አይወዱም። «ገፊ የሚባል ነገር በዲናችን የለም፤ የሆነው ሁሉ በአላህ ውሳኔ፣ በቀደር ነው» አሉ። ሆኖም እሳቸውም በሞተሯ አጠገብ ሲያልፉ ዞር ብለው ማለፍ ጀምረው ነበር።

በአራተኛው ቀን ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። የደወለው አምሐ ነው፤ ሹም አቦ ሰፈር ጋራዥ ያለው፣ በአካባቢው የጃፓን ሞተር ያለው ሰው ሁሉ የሚሄድበት መካኒክ። ዩሱፍም ሞተሯን የሚያሠራው እሱ ጋ ነው።

«ሻንሲዋ ተጣሟል፤ ከእንግዲህ ለአሮጌ ብረት እንጂ ለመንገድ አትሆንም» አለኝ። «ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ መኪና ልኬ ላስነሳላችሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምሁ። አምሐ ሞተሯን ከወደቀች ወዲህ አላያትም። ቁንዝላም አልመጣም። ታዲያ ሻንሲዋ፣ ዋናው የብረት አካሏ፣ መጣመሙን በምን አወቀ?

አምሐን አውቀዋለሁ። ባሕር ዳር አውቶ መካኒክ ተምሬ ስጨርስ የመጀመሪያውን የሥራ ማመልከቻ የወሰድሁት ለእሱ ነበር። ወረቀቴን ሳይከፍት «እህቴ፣ ሒጃብሽ ሰንሰለት ውስጥ ይገባብሻል» ብሎ መለሰኝ። ሌሎቹም በየራሳቸው ሰበብ መለሱኝ። እኔም ወደ ቁንዝላ ተመልሼ ለአባቴ ምስማር አቀባይ ሆንሁ።

«አትወሰድም» አልሁ ለእናቴ። «ምን እንደሆነች ሳላውቅ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

«አንቺን ደግሞ እስክትጥል ነው የምጠብቀው?»

«እኔ መች ልነዳት አልሁ? ልፈታት ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት እየገፋሁ ሐይቁ ዳር አባቴ ጀልባ ወደሚሠሩበት ጥላ ወሰድኋት። በመጀመሪያ የፊት ፍሬኑን ይዤ መሪውን በሙሉ ክብደቴ ወደ ታች ተጫንሁት። ንዝረቱን የሚውጠው ሾክ ደህና ከሆነ ይወርድና ለስለስ ብሎ ይመለሳል። ይኸኛው ወረደ፤ እዚያው ቀረ። በእጄ ስስበው ቆይቶ እያቃሰተ ተነሣ።

የፊት ጎማዋን ከመሬት አንሥቼ ከሥሯ የእንጨት ጉማጅ አስገባሁ። መሪውን ግራና ቀኝ አዞርሁት፤ የአንገቱ ኩሽኔታ ጤነኛ ነው። ጎማውን የሚይዙትን ብሎኖች አላልቼ እንደገና ሞከርሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። እንግዲህ ጉዳዩ ከውስጥ ነው አልሁና ሁለቱንም የሾክ እግሮች አወረድኋቸው።

ከግራው እግር የወጣው ዘይት አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ተበልቷል፤ እንዳያስታውቅ ከላዩ ማጣበቂያ ተለቅልቆበታል። ከቀኙ የወጣው ደግሞ የሾክ ዘይት አይደለም፤ እንደ ማር የወፈረ የመኪና ካምቢዮ ዘይት ነው። በውስጣቸው ያሉትን ሞላዎች አውጥቼ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የቀኙ ሦስት ጣት ያህል ያጥራል። የሌላ ሞተር ሞላ ነው፤ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጦ፣ የጎደለው በውሃ ቧንቧ ቁራጭ ተሞልቷል። የመጋዙ ጠርዝ ጣቴን ቧጠጠኝ።

ቀጥዬ ከቤት የእናቴን መስታወት አምጥቼ መሬት ላይ አጋደምሁትና የሾኩን ቱቦዎች አንድ በአንድ አንከባለልሁበት። ቢጣመሙ ኖሮ እየዘለሉ ይሄዱ ነበር። ጸጥ ብለው ተንከባለሉ። ሻንሲውንም ከአንገት እስከ ኋላ በአባቴ የጀልባ ገመድ ለካሁት። ቀጥ ያለ ነው።

አሁን ቁልቁለቱ ላይ የሆነው ታየኝ። ዩሱፍ ዓሣ ጭኖ እየወረደ ፍሬን ያዘ። ሾኩ እስከ ታች ወረደ፤ በግራ የሚያለዝበው ዘይት የለም፣ በቀኝ ወፍራሙ ዘይት አያስመልሰውም። ቀጣዩን ድንጋይ ሲመታ የሚወርድበት ቦታ አልነበረውም። ጎማው ዘለለ። ዩሱፍ ሆስፒታል ተኝቶ «መሪው ከእጄ ወጣ» ሲል ሁሉም «ስለበረርህ ነው» ብለውት ነበር።

ሞላዎቹን ይዤ ወደ ቤት ሮጥሁ። የዩሱፍ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኋቸው። «አየህ? አንተም አልበረርህ፣ እሷም ገፊ አይደለች!»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። የተቆረጠውን ሞላ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ተይው፣ ናኢማ» አለ። «ዝም ብለሽ መልሰሽ ግጠሚው።»

አልተውሁትም። በሚቀጥለው ቀን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ሹም አቦ ደረስሁ። ጋራዡ በደንበኛ ሞልቷል። ሞላዎቹንና የቧንቧውን ቁራጭ ከአምሐ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየኝ።

«ጋሽ አምሐ፣ ይህን የቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

ቁራጩን አገላብጦ አየው። ይክዳል ብዬ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «ትክክለኛው ሞላ ከገበያ ጠፋ። ወንድምሽ ዓሣ ሊበላሽበት ነው ብሎ ለመነኝ፤ ለአንድ ሳምንት ብዬ ሠራሁለት። ተመለስ ብዬው ነበር። ራሱን ጠይቂው።»

ዩሱፍ «ተይው» ያለኝ አሁን ገባኝ። ግን የመጣሁበትን ገና አልጠየቅሁም።

«እሺ። ሳያዩዋት ሻንሲዋ ተጣሟል ያሉትስ ለምንድን ነው?»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ጨርሶም አላቆመም። «ወንድምሽ ቢሞት ኖሮ በእጄ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ያች ሞተር ብትጠፋልኝ ብዬ ነው።»

«አትጠፋም!» አልሁ። «ሰፈሩ ገፊ ይላታል፤ እርስዎ ደግሞ ለብረት ይሏታል። እሷ ምን አጠፋች? ሰው እጅ የቆረጠውን ሰው እጅ ያስተካክለዋል።»

«ከዚህ የፈለግሽውን ዕቃ ውሰጂ» አለና ዙሪያውን በእጁ አሳየኝ።

«ዕቃ አልፈልግም። አሁን ለእኔ ያሉትን መጥተው ለአባቴ ይንገሩ።»

ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ሌላ ሞተር ዞረ። ሞላዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ዩሱፍ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ከፊቴ አወቀ። «ነገረሽ?» አለኝ።

«አንተ ንገረኝ።»

«ለሳምንት ነው ብሎኝ ነበር። ሳምንቱ ሁለት ሆነ። ደህና የምትሄድ መሰለኝና አራት ወር ነዳኋት።» ክራንቹን መሬት ላይ አሽከረከረ። «ገፊ ናት ሲሉ ዝም አልሁ። የእኔ ጥፋት ከሚባል የእሷ ቢባል ይሻላል ብዬ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትሁ። የገረጣ ፊቱን ሳየው ግን ተውሁት። «እጅህ አልተሰበረም አይደል?» አልሁት። «እንግዲያውስ ነገ መጥተህ ትይዝልኛለህ።»

ጎሚኒውንና የሾክ ዘይቱን ከባሕር ዳር ገዝቼ ይዣለሁ። ሞላው ግን የለም። ዩሱፍ ስልኩን ይዞ ለሚያውቃቸው ሞተረኞች ሁሉ ሲደውል ዋለና አንዱ ሞተረኛ፣ መራዊ አጠገብ ቆጋ መስኖ ላይ ድንች የሚያለማ አምባቸው የሚባል ገበሬ እንደዚችው ያለ ሞተር እንዳለው ነገረው። ሄድሁ። ሞተሩ ከፍየሎቹ በረት ውስጥ ቆሟል፤ መሪው ላይ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ሾኩ ግን ያልተነካ ነው።

«ሞላውን ውሰጂ፤ እኔን የቸገረኝ የውሃ መሳቢያዬ ነው» አለ አምባቸው። «ባለሙያ ይመጣል ሲሉኝ ወንድ ነበር የጠበቅሁት።»

«መሳቢያው ወንድ ነው የሚፈልገው?» አልሁት።

ሳቀ። መሳቢያውን ፈትቼ አጸዳሁት፤ ከቀትር በኋላ ውሃው ወደ ድንቹ መስመር ሲወርድ ሁለቱን ሞላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ከዩሱፍ ጋር ሁለት ቀን ሠራን። እሱ ጉማጅ ላይ ተቀምጦ ቱቦ ይይዛል፤ እኔ እገጥማለሁ። ዘይቱ በሁለቱም እግር እኩል እንዲሆን በከብት መርፌ እየለካሁ ጨመርሁ። ስንጨርስ ፍሬኑን ይዤ ተጫንኋት። ወረደች፤ ተመለሰች። ዩሱፍም በተራው አንድ ጊዜ ተጫናት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ዓርብ ሰው ከጁምዓ ሲወጣ ሞተሯን አስነሥቼ ወደ በሩ አመጣኋት። አባቴ በሩ ላይ ቆሙብኝ።

«ናኢማ፣ አንድ ልጄ በክራንች ነው የሚሄደው።»

«አባ፣ የሠሩት ጀልባ ውሃ ሲያስገባ ሐይቁን ነው የሚወቅሱት?»

«ቀዳዳውን እፈልጋለሁ።»

«እኔም ቀዳዳውን ፈልጌ አገኘሁት። ደፈንሁት። ካላመኑኝ መጥተው ይዩ።»

አባቴ ከበሩ ዞር አሉና እኔን ሳይጠብቁ በእግራቸው ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ጀመሩ። ከመስጊድ የወጣው ሰውም ተከተላቸው።

ከቁልቁለቱ አናት ጀመርሁ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይፈናጠራል። ዩሱፍ የወደቀበት ኩርባ ላይ ስደርስ የፊት ፍሬኑን አጥብቄ ያዝሁ። ሾኩ ወረደ። ድንጋዩ መጣ። ሾኩ ዋጠውና ቀና አለ፤ መሪው እጄ ውስጥ ጸና።

ከታች ካለው ሕዝብ አንዱ «በዕድል ነው!» ብሎ ጮኸ። ዞሬ ወጣሁና እንደገና ወረድሁ። «ባዶዋን ስለሆነች ነው» አለ ሌላው። ለሦስተኛ ጊዜ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስጭኜ ወረድሁ፤ ኩርባው ላይ ፍሬን ያዝሁ፤ አባቴ እግር ሥር አቆምኋት። አባቴ ጎንበስ ብለው ሾኩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የራሳቸውን ጀልባ እንደሚዳስሱት።

በማግሥቱ ዓሣ ልጭን ወደቡ ወረድሁ። ብዙዎቹ አጥማጆች ዓይናቸውን አሸሹ። ሰዓዲያ የምትባል ዓሣ ነጋዴ ግን ሁለት ቅርጫት ቆሮሶ ዓሣ ከፊቴ አስቀመጠችና «ፀሐይ ሳይሞቅ ዱርቤቴ አድርሽልኝ» አለች። በሳምንቱ አምስት ቅርጫት ሆነ።

አምሐ የመጣው ከሃያ ቀን በኋላ ነው። አባቴ ፊት ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ፤ ዩሱፍም የራሱን ድርሻ ጨመረ። አባቴ ሁለቱንም ሰምተው «ከእንግዲህ እውነቱን ቶሎ ተናገሩ» ብቻ አሉ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

አምሐ ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ጋራዤ ውስጥ ቦታ አለ፤ ነይ ሥሪ» አለኝ። ይህን ቃል አንድ ጊዜ ስመኘው የኖርሁት ነው።

«እኔም ቦታ አለኝ» አልሁት። «እዚሁ ቁንዝላ።»

በዚያው ሳምንት አባቴ የጀልባ ሳንቃ ቆርጠው ለጋራዤ የሥራ ጠረጴዛ ሠሩልኝ። ሰኞ ጠዋት ከዩሱፍ ጋር ተሸክመን መንገዱ ዳር አቆምነው።